ለእግር ለኪዋ እህታችን ምስጋና፣ ከነምክንያቱ

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው እናቱን ወይም አባቱን ለሚያስታምም ሁሉ! ቤታችሁ እግሩ አብጦ ኮምፕረሽን ካልሲ (እግርን ጫን አድርጎ የሚይዝ ጠባብ ካልሲ) የታዘዘለት ሰው ካለ ይህን ሳትጨርሱ አትለፉ። የምንጽፈው ቤት ለቤት እየዞርን የምንሠራ ነርሶች ነን። የምናመሰግናት እህታችን በአንዲት ጠባብ የሕክምና ዕቃ መደብር ውስጥ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እግር ስትለካ የምትውል ናት። «ስሜ ይቅር» ስላለች አንጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን ግን አድራሻዋን እንሰጣለን። እግዚአብሔር ይስጥልን እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ።

መጀመሪያ ምሬታችንን እንተንፍስ። እናቶቻችን መሳቢያ ውስጥ የምናገኘው የማይለበስ ካልሲ ብዛቱ! በጫማ ቁጥር የተሸጠ አለ፤ የጫማ ቁጥር ስለ ባት ውፍረት ምን ያውቃል? በስልክ «ወፍራም ናቸው ቀጭን?» ተብሎ ተጠይቆ በፖስታ የመጣ አለ። ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸውን ነጭ ካልሲ ወራት ሙሉ የሚያጠልቁም አሉ። ያ ነጭ ካልሲ የተሠራው አልጋ ላይ ለዋለ ሰው፣ ደም እንዳይረጋበት ነው፤ ቆሞ ለሚሄድ፣ ሊምፊዲማ (የሊምፍ ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም የሚመጣ እብጠት) ላለበት እግር ግፊቱ አይበቃም። ይህ ሁሉ ሆኖ ጥፋቱ በእናትየው ይመካኛል፦ «ታዞላቸው አይለብሱም» ተብሎ ፋይላቸው ላይ ይጻፋል። ቋንጃ ሥር ገብቶ የሚቆርጥን ነገር ማን ይለብሳል?

እሷ ዘንድ ያየነው ሌላ ነው። አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ውለው ወደ ማታ መጡ። ከመደርደሪያው አንዱን አውርዳ ብትሸጥላቸው ማንም አይጠይቃትም ነበር። በርጩማ ስባ እግራቸው ሥር ተቀመጠች፣ ጫማቸውን ራሷ አወለቀች፣ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ጥቂት ቆየች። ስትለቀው ስርጉዱ እንዳለ ቀረ። «እማማ፣ ነገ ጠዋት ከአልጋ እንደወረዱ ይምጡልኝ» አለቻቸው።

«ገንዘቡን ይዤ መጥቻለሁ እኮ ልጄ።»

«ገንዘብዎ የትም አይሄድም። አሁን ብለካዎት የምለካው የቀኑን እብጠት ነው፤ ነገ ጠዋት ካልሲው ይሰፋዎታል።»

ምንም ሳትሸጥላቸው ደጅ ድረስ ሸኘቻቸው። እኛ እሷን ማመን የጀመርነው እዚያ ላይ ነው።

አድሮም የማይጎድል እብጠት ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትለካም። ካልሲ እግር አያሳንስም፤ የጎደለው እብጠት እንዳይመለስ ይይዛል እንጂ። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለውን የእግር ጣት ሥሩ ላይ ቆዳውን ቆንጥጣ ለማንሳት ትሞክራለች፤ ካልተነሳላት ነገሩ ሊምፊዲማ ሳይሆን አይቀርም ብላ ወደ ሐኪማቸውና ወደ ሊምፊዲማ ቴራፒስት ትመልሳቸዋለች። እዚያ እግሩ ለጥቂት ሳምንታት እምብዛም በማይለጠጥ ፋሻ እየተጠቀለለ ይቀንሳል። መቀነሱን ሲያቆም፣ ፋሻው በተፈታበት ሰዓት፣ ያኔ ይለካል። በመሀል ሁለት ቀን ያለ ፋሻ ካለፈ እብጠቱ ስለሚመለስ ልኬቱ ከንቱ ነው።

ሜትር ከማንሳቷ በፊት የምትጠይቀው ሌላ ነገርም አለ፦ ደም ወደ እግር በደንብ ይወርዳል ወይ? የቁርጭምጭሚት ደም ግፊት ለክንድ ደም ግፊት ተካፍሎ የሚገኘውን ቁጥር ከሐኪም እንድታመጡ ትጠይቃለች። ከ0.8 በታች ከሆነ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አትሰጥም፤ ከ0.5 በታች ከሆነ ደግሞ ካልሲ የሚባል ነገር አይታሰብም። ስኳር ላለባቸው ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም፤ የደም ሥራቸው ስለሚደነድን ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል። እግራቸው ከደነዘዘ ደግሞ ካልሲው ሲቆርጣቸው አይሰማቸውም። ልባቸው ደክሞ ተኝተው ትንፋሽ የሚያጥራቸውንም መጀመሪያ ወደ ልብ ሐኪማቸው ትልካለች፤ ከእግር የተገፋው ፈሳሽ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ደከመው ልብ ነውና። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚሸጥ ቦታ ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ልኬቱ ራሱ ይህን ይመስላል። የቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ከአጥንቱ በላይ በጣም ቀጭኑ ቦታ ላይ፣ ባት በጣም ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ ከቋንጃ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ያለው ዙሪያ፣ ከዚያ ከወለል እስከዚያው ቦታ ያለው ቁመት። ሁለቱንም እግር ለየብቻ ትለካለች፤ ሁለት እግር እኩል የሚያብጥበት ጊዜ ትንሽ ነው። የቁርጭምጭሚቱ ልክ «ትንሽ»፣ የባቱ ልክ «ትልቅ» የሚል ሰንጠረዥ ላይ ከወደቀ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አይሆንም፤ በልክ ይታዘዛል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቦታ «መካከለኛውን ውሰዱ» የሚባለው። መካከለኛው ላይኛው ጫፍ ላይ ያንቃል፣ ታች ይላላል፤ ፈሳሹም ታች እግር ላይ ይጠራቀማል።

ስለ ግፊት፦ እሽጉ ላይ ያለው ቁጥር የሚለካው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከ15 እስከ 20 ማታ ማታ ለሚከብድ እግርና ለረጅም በረራ ነው። ከ20 እስከ 30 ለቫሪኮስ (ላበጠ የእግር ደም ሥር) እና ለጀማሪ እብጠት፤ ሥር ለሰደደ የእግር ሊምፊዲማ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከ30 እስከ 40 ነው። የጀርመኑ የ«ክላስ» አቆጣጠር ይለያል (ክላስ ሁለት ከ23 እስከ 32 ነው)፤ ስለዚህ «ክላስ» የሚለውን ሳይሆን ቁጥሩን አንብቡ። ጉልበት የሌላቸው እናት ከ30 እስከ 40 የሚለውን መሳብ ካቃታቸው እህታችን ቀለል ያሉ ሁለት ካልሲዎችን ደርባ ታስለብሳለች፤ ግፊቱ ይደመራል፣ አንድ በአንድ ማጥለቁ ግን ይቀላል። እርግጥ ይህም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ነው። የሚለበሰው ደካማ ካልሲ መሳቢያ ከሚያድረው ጠንካራ ይሻላል ትላለች፤ እኛም እንስማማለን።

ጨርቁን መለየት ደግሞ ሌላው ሙያ ነው። ስፌት የሌለው፣ እንደ ቱቦ ዙሪያውን የተሠራው ቀጭን ነው፣ ያምራል፣ ቅርጹን ላልሳተ እግር ይሆናል። እግሩ እጥፋት ካለው ግን ቱቦው እጥፋቱ ውስጥ ይገባና እንደ ገመድ ያስራል። ለእንዲህ ዓይነቱ እግር ከኋላው ስፌት ያለው ወፈር ያለ ሹራብ ነው የሚታዘዘው፤ ከእጥፋቱ በላይ ተዘርግቶ ይቆማል። «ይህ እኮ ወፍራም ነው፣ አያምርም» ብለው እናቶች ሲከራከሯት እሷ ቀሚሱን ዝቅ አድርጋ መስታወት ፊት ታቆማቸዋለች። አይታይም!

ማጥለቁን ሳታስተምር ማንንም አትሸኝም። ሸካራነት ያለው የላስቲክ ጓንት ታደርጋለች፣ ካልሲውን እስከ ተረከዙ ገልብጣ እግሩን ታስገባለች፣ ተረከዙ ቦታው ላይ መቀመጡን ታያለች፣ ከዚያ በመዳፏ እየገፋች ወደ ላይ ታከፋፍላለች። ላይኛውን ጫፍ ይዞ መጎተት የለም። የተረፈውን ማጠፍ ፈጽሞ የለም፤ የታጠፈ ቦታ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ቅባትና ቫዝሊን የሚቀባው ማታ ሲወልቅ ነው፤ ጠዋት ከተቀባ ካልሲው አይወጣም፣ ላስቲኩም ይበላሻል። ካልሲው በየቀኑ ወይም ቢበዛ በየሁለት ቀኑ በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ በረኪናና ማለስለሻ አይነካውም፣ ፀሐይና ማሞቂያ ላይ አይሰጣም። ላስቲኩ በስድስት ወር ገደማ ይደክማል። ድሮ የሚያስቸግረው ካልሲ «አሁን ለመደኝ፣ በቀላሉ ይገባል» ካላችሁ ለመደ ሳይሆን ሞተ ማለት ነው።

እናቶቻችንን ስለምታውቅ የምታደርገውን ሌላ ለኪ አያደርገውም። ቅዳሴ ለሚያስቀድሱት ጫማ ሲወልቅ ካልሲው እንደማይወልቅ ትነግራለች፤ ለሰዓታት መቆም ያለው ያኔ ነውና። ጠበል ለሚጠመቁት እርጥብ ካልሲ እንዳያጠልቁ፣ በጣቶቻቸው መሀል ያለውን እርጥበት አድርቀው እንዲለብሱ ታሳስባለች፤ እዚያ የሚበቅለው ፈንገስ ለቁስል በር ነው። ለውዱ በቀን ብዙ ጊዜ ለሚያወልቁት እናቶች በቬልክሮ የሚታሰረውን መጠቅለያ ትመርጥላቸዋለች፤ በደቂቃ ይፈታል፣ ቢላላም እንደገና ይጠብቃል።

ስለ ክፍያ፦ «ኢንሹራንስ አይሸፍንም» ተብላችሁ ከተመለሳችሁ የነገራችሁ ሰው የድሮውን ነው የነገራችሁ። ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለሊምፊዲማ ይሸፍናል፦ ለአንድ የታመመ አካል በየስድስት ወሩ ሦስት በቀን የሚለበስ የግፊት ልብስ (እንደ ካልሲው ያለ)፣ በየሁለት ዓመቱ ሁለት በሌሊት የሚለበስ። በልክ የሚሠራውም ይገባበታል። የዓመቱ ተቀናሽ (ሜዲኬር መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) ከተሟላ በኋላ 20 በመቶው በእናንተ ነው። ግን ወረቀቱ ላይ «ሊምፊዲማ» የሚል ምርመራ መጻፍ አለበት፤ «የእግር እብጠት» ብቻ ከተባለ ይመለሳል። ሻጩም ከሜዲኬር ጋር የተመዘገበ መሆን አለበት። እህታችን ወረቀቱን አይታ ስህተቱን ካገኘች ራሷ ለሐኪሙ ቢሮ ትደውላለች፤ ይህን የሚያደርግ ሰው እስካሁን ሌላ አላጋጠመንም። ልጆቻቸው ያመጧቸው፣ አሜሪካ ከገቡ አምስት ዓመት ያልሞላቸውና ሜዲኬር የሌላቸው ወላጆችን ደግሞ በደንብ የተለካ ሁለት ካልሲ ብቻ ግዙ ትላለች፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲለበስ።

አንድ እግር በድንገት ካበጠና ባቱ ካመመ፣ ወይም እግሩ ቀልቶ ግሎ ብርድ ብርድ ካላቸው እሷ ጋ አትሂዱ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ካልሲ ለብሰው ጣታቸው ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው አውልቁ።

ቀጠሮ ለምትይዙ፦ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ይሁን፤ የሐኪሙን ማዘዣ፣ የደም ዝውውር ምርመራውን ውጤት፣ አሁን የሚለብሱትን ካልሲ (የሚቆርጣቸውን ጭምር) ይዛችሁ ሂዱ። የሚያዘወትሩትንም ጫማ አትርሱ። ካልሲው ከተለበሰ በኋላ ጫማው ውስጥ አስገብታ መደብሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ታራምዳቸዋለች።