ትከሻዬ ውስጥ የነበረውን ካልሲየም በመርፌ ያጠቡልኝ ክሊኒክ

እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ጸጉር ሰሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ክንዴ ወደ ላይ ነው። ቀኝ ትከሻዬ መጀመሪያ ሹሩባ ስሰራ ብቻ ነበር የሚይዘኝ፣ ከዛ ማታ በሱ በኩል መተኛት ሁሉ አቃተኝ፣ ነጠላዬን እንኳን ልጄ ነበረች የምታጣፋልኝ። ኤክስሬይ ሲነሳ ጅማቱ ላይ ካልሲየም ተጠራቅሟል ተባልኩ። እኔማ ከወተት ነው ብዬ ወተትም አይብም ትቼ ነበር፣ ዶክተሩ ግን ከምግብ ጋር አይገናኝም አለኝ፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ዓመት ባለ ሰው ላይ ነው የሚታየው፣ ሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል፣ በራሱ ሟሙቶ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። የኔ ግን 8 ወር ሙሉ በክኒንም በፊዚዮቴራፒም አልለቀቀኝም።

ስለዚህ በመርፌ ላሳጥበው ክሊኒኩ ሄድኩ። እጥበቱ ራሱ በጣም ጥሩ ነበር፣ እውነቴን ነው። አስተኙኝ፣ ማደንዘዣ ወጉኝ፣ ከዛ ዶክተሩ በአልትራሳውንድ እያየ መርፌውን ልክ ካልሲየሙ ውስጥ አስገባና ሳላይን (የጨው ውሃ) እየገፋ መልሶ ይስባል፣ ደግሞ ይገፋል ይስባል፣ ሲሪንጁ ውስጥ የተመለሰው ውሃ ኖራ የተበጠበጠበት ነው የሚመስለው፣ ይሄ ነው እንዴ እንቅልፍ የነሳኝ አልኩ። ግፊት ይሰማል እንጂ ህመም የለውም፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። መጨረሻ ላይ ከጅማቱ በላይ ያለው ከረጢት ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ይወጋሉ፣ ስኳር ያለባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ ምክንያቱም ለጥቂት ቀን ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ቅር ያለኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ማታ ማደንዘዣው ሲለቀኝ ከድሮው የባሰ ህመም መጣ፣ ሶስት ቀን አለቀስኩ፣ የሆነ ነገር አበላሽተውብኛል ብዬ ፈራሁ፣ ስደውል ስልክ የሚያነሳ የለም። በስንት መከራ አንዲት ነርስ አገኘሁና አይዞሽ የተረፈው ካልሲየም ሲፈስ አካባቢውን ስለሚያስቆጣው ነው፣ በረዶ ያዢበት፣ ያልፋል አለችኝ፣ አለፈም። ታዲያ ይሄን ከመውጣቴ በፊት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? በማግስቱ ደንበኛ ቀጥሬ ነበርኮ!

አሁን 10 ሳምንት ሆኖኛል፣ ፊዚዮቴራፒውን አላቋረጥኩም፣ ትንሽ ቁራጭ ቀርቷል ተብያለሁ ግን ክንዴ ሙሉ ለሙሉ ይነሳል፣ በቀኝም እተኛለሁ። ግራው ቢይዘኝ እዛው ዶክተር ጋር ነው የምመለሰው፣ ሳምንት ፍቃድ ይዤ ግን።