ሞተራችንን ከሞት ለመለሰልን የኮምቦልቻ ልጅ

ወፍጮ፣ ዳቦ ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻ ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ።

አባታችን ሲሞት ጥሎልን ያለፈው አንድ የእህል ወፍጮ ነው። እናቴ አምስት ልጅ ያሳደገችው በእሱ ነው። አምና ክረምት ሞተሩ ብሬከር እየጣለ አላሠራ አለን፤ ብረቱን ስንነካውም ይነዝረን ጀመር። መጀመሪያ የወሰድንበት ቤት ገና ሳይከፍቱት "ተቃጥሏል" ብለው ሽቦውን እንደ አዲስ ጠቀለሉት። የእናቴ የዕቁብ ብር እዚያ ቀረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ያው ሆነ። ስንመለስባቸው "የመብራታችሁ ችግር ነው" አሉን። ሌላው ደግሞ ቀብድ ተቀብሎ ስልክ ማንሳት ተወ። የሰው እህል በጆንያ ተደርድሮ፣ እናቴ ለመጣው ሁሉ "ነገ ና" ስትል መስማት እስካሁን ከአንጀቴ አልወጣም።

በሰው በሰው ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ሲጠግን የኖረ የኮምቦልቻ ልጅ አገኘን። ዝናቡ ሳያባራ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መጣ። መብራቱን አጥፍቶ፣ ገመዶቹን ከሞተሩ ነቅሎ፣ ሜገር የሚሉትን፣ መብራት ከሽቦው ወደ ብረቱ ማምለጡን የሚያሳይ መለኪያ አንዱን ጫፍ ከሽቦው፣ ሌላውን ከብረቱ አካል አያያዘ። መለኪያው ራሱ 500 ቮልት ስለሚልክ እጃችንን እንድናርቅ ነገረን። ከ0.3 ሜጋ ኦም አላለፈም። እኔ ምንም አልገባኝም። እሱ ግን ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከአንዲት የሚስማር ቀዳዳ ውሃ ጠብ ይላል፣ ልክ ሞተሩ ላይ።

"እማማ፣ ሞተርዎ አልተቃጠለም። ውሃና ዱቄት ጠጥቶ ነው፤ መጠቅለል አያስፈልገውም" አላት።

ይጠቀለል ቢለን እኮ ተበድረንም እንከፍል ነበር! ማን ያውቅበታል?

ፈታትቶ አጸዳው፣ በሳጥን ከድኖ አምፖል አበራበት። ሌሊቱን ጆንያ ላይ ጋደም ብሎ፣ እየተነሳ ሙቀቱን በእጁ ሲዳስስ አደረ። ጠዋት ሲለካው 60 ሆነ። የእህቴን ደብተር ጀርባ ገልጦ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፈ። "በየወሩ እለካዋለሁ። ቁጥሩ እየወረደ ከመጣ ሳይቃጠል እንደርስበታለን። ከ1 በታች ካያችሁ ግን እንዳታስነሱት" አለኝ። የተቀበለን የድካሙን ብቻ ነው። እናቴ ቡናውን አፍልታ፣ ዱዓ አድርጋ ሸኘችው።

ሐቀኛ ልጅ ነው፣ እጁ ይባረክ! ሞተራችሁ ተቃጥሏል ከተባላችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እሱ ይለካላችሁ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለማንም አልደብቅም።

ዘንድሮ ወፍጯችን አንድም ቀን አልቆመም። የሐምሌው ቁጥር ከሰኔው ትንሽ ወረድ ብሏል። ደውዬለታለሁ፣ ቅዳሜ ጣራውንም ጭምር ሊያይልን ይመጣል።