የመሥራት አቅም መዛኞች ከፍተኛ ሥልጠና፦ ክፍያውን የሚያወጣው የትኛው ክፍል ነው?

ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ምን ያህል ማንሳት፣ መሸከም፣ መቆምና መጎንበስ እንደሚችል የሚለካው ባለሙያ በአብዛኛው ፊዚዮቴራፒስት ወይም ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነው። አሜሪካ ውስጥ ምዘናው ኤፍ ሲ ኢ (ፈንክሽናል ካፓሲቲ ኢቫሉዌሽን) ይባላል። ሪፖርቱ ኢንሹራንስ ጋ፣ አሠሪ ጋ፣ አንዳንዴም ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ስለዚህ በዲግሪው ብቻ የሚገባበት ጥቂት ነው። ለዚሁ የሚሰጡት ተጨማሪ ሥልጠናዎች ግን እኩል አይደሉም። ማንሳትን በዓይን ማንበብና ሪፖርት መጻፍ የሚያስተምረው ክፍል ገንዘቡን ያወጣል። «ተመዛኙ እያስመሰለ መሆኑን ለዩ» የሚለው ክፍል ግን ከሚችለው በላይ ይሸጣል።

ከመመዝገብ በፊት ሥልጠናው የቱን መንገድ እንደሚከተል ይጠይቁ። አንደኛው በአሜሪካዊቷ ፊዚዮቴራፒስት በሱዛን አይዘርንሀገን ስም የሚታወቀው ነው፦ ፈተናው የሚቆመው መዛኙ በሰውነት ላይ በሚያየው ምልክት ነው። በሌላው መንገድ ግን ተመዛኙ ራሱ «ከዚህ በላይ አልችልም» እስኪል ይጠበቃል። የመጀመሪያው ለመዛኙ የበለጠ ሥራ ነው፣ ዓይን ይፈልጋል፤ ሥልጠና የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሸክሙ ሲከብድ ሰውዬው እግሩን ያሰፋል፣ ክብደቱን ለማመጣጠን ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ የአንገቱና የትከሻው ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅስቃሴው ይዘገያል። እነዚህ እየታዩ አያያዙ አሁንም ቁጥጥር ካለው «ከባድ» ተብሎ ይመዘገባል። ሣጥኑ ከሰውነቱ እየራቀ ከመጣ ወይም ወገቡን መቆጣጠር ካቃተው ይቆማል፣ እሱ «ልቀጥል» ቢልም። ይህን ከስላይድ መማር አይቻልም። ሠልጣኞች እርስ በርስ እየተመዛዘኑ የማይሞክሩበት፣ ቪዲዮ እያዩ ነጥብ ሰጥተው ከጓደኛቸው ነጥብ ጋር የማያወዳድሩበት ኮርስ ከሆነ ይለፉት።

አጭሩ የማንሳት ፈተና ፓይል ይባላል፤ ለመለማመጃም ይመቻል። ከወለል እስከ ወገብ፣ በ20 ሴኮንድ ውስጥ አራት ጊዜ ይነሳል። ሴት በ3.6 ኪሎ፣ ወንድ በ5.9 ኪሎ ይጀምራል፤ በየ20 ሴኮንዱ ለሴት 2.3፣ ለወንድ 4.5 ኪሎ ይጨመራል። ተመዛኙ በሣጥኑ ውስጥ ስንት ኪሎ እንዳለ ማየትም ማወቅም የለበትም። ቁጥሩን የሰማ ሰው ጡንቻውን ትቶ ቁጥሩን ያስባል።

ፈተናው የሚቆምበት የልብ ምት ገደብ በተለምዶ ከ220 ዕድሜ ተቀንሶ ከሚገኘው 85 በመቶው ነው፤ ለ45 ዓመት ሰው 149 አካባቢ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር መድኃኒት ነው። ለደም ግፊት ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሰው ልቡ ቶሎ አይመታም፤ ገደቡ ላይ ሳይደርስ ከአቅሙ በላይ ሊሄድ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተመዛኙ ራሱ ድካሙን በቁጥር የሚናገርበትን፣ ከ6 እስከ 20 የሚቆጠረውን የቦርግ የድካም መለኪያ መጠቀም ይገባል። ኮርሱ ይህን ካላነሳ ስለ ሌላውም ክፍል መጠርጠር ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ማስመሰሉ ጉዳይ። የእጅ ጭብጥ ኃይል የሚለካው በጃማር ዳይናሞሜትር ነው፦ ክንድ ከጎን ጋር ተጠግቶ፣ ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ እጀታው በሁለተኛው ቦታ፣ ሦስት ሙከራ፣ ከዚያ አማካይ። እስከዚህ ጥሩ። ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሦስቱ ቁጥሮች ከ15 በመቶ በላይ ከተለያዩ «ሙሉ ኃይሉን አልሰጠም» የሚል ደንብ ይሰጣል። ሕመም፣ ፍርሃት፣ የእጅ ጉዳቱ ራሱ ቁጥሩን ያለዋውጣሉ፤ አውቆ ግማሽ ኃይሉን የሚሰጥ ሰው ደግሞ ተመሳሳይ ቁጥር ሊደግም ይችላል። ለወገብ ሕመም በ1980 እ.ኤ.አ. የወጡት የዋዴል ምልክቶችም (ሕመሙ አካላዊ ብቻ ላይሆን እንደሚችል የሚጠቁሙ የምርመራ ምልክቶች) ማስመሰልን ለማጋለጥ አልተሠሩም፤ የዳኛ ማስረጃ ሆነው ሲቀርቡ ግን ይታያል። ጠንቃቃ አሠልጣኝ «በሙከራዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነበር» ብላችሁ ጻፉና እዚያው አቁሙ ይላል። «ሰውዬው ውሸታም ነው» ብሎ መጻፍ የመዛኝ ሥራ አይደለም፣ መስቀለኛ ጥያቄም አያልፍም።

ሪፖርቱ የአሜሪካ ሠራተኛ መሥሪያ ቤትን የሥራ ምደባ ይከተላል። ከቀኑ እስከ ሲሶ ብቻ የሚነሳ ሸክም 4.5 ኪሎ ከሆነ ሥራው የመቀመጫ ነው፣ 9 ኪሎ ቀላል፣ 23 ኪሎ መካከለኛ፣ 45 ኪሎ ከባድ። ትልቁ ስሕተት አንዴ የተነሳን 23 ኪሎ «ቀኑን ሙሉ 23 ኪሎ ያነሳል» ብሎ መጻፍ ነው። መካከለኛ ሥራ ላይ ደጋግሞ የሚነሳው 11 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው። ሌላው የአሠሪውን የሥራ መግለጫ እንዳለ መቅዳት ነው። የሣጥኑን ክብደት፣ የመደርደሪያውን ቁመት፣ የእርምጃውን ርቀት ለክቶ ማምጣት ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ሲሚንቶ የሚያወርድ ሠራተኛ የሚሸከመው ከረጢት 50 ኪሎ ነው፤ በዚህ ምደባ ከ«ከባድ»ም ያልፋል፣ መግለጫው «ጉልበት ሠራተኛ» ብሎ ቢያልፈውም።

ለኢትዮጵያ ባለሙያ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአካል ጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው፤ ካሳውም ከዚያ መጠን ጋር ይሄዳል። መቶኛው ግን ሠራተኛው ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆም አይናገርም። የምዘና ሥልጠና የወሰደ ፊዚዮቴራፒስት ለቦርዱ ይህንን ሊያሟላ ይችላል፤ መቶኛውን ግን አይተካም።

ሙሉው የአይዘርንሀገን ምዘና ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በሁለተኛው ቀን ማንሳቱ የሚደገመው የትናንቱ ድካምና ሕመም እንዲታይ ነው። ብዙ ክሊኒክ ለወጪ ሲል ወደ አንድ ቀን ያሳጥረዋል። ማሳጠሩ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፦ በ2004 እ.ኤ.አ. በካናዳ አልበርታ የወገብ ሕመምተኞች ላይ የወጣ ጥናት የተሻለ የምዘና ውጤት ካሳው ቶሎ ከመቆሙ (ወደ ሥራ የመመለስ ምልክት ተደርጎ ከተወሰደው) ጋር እንደሚያያዝ፣ ግንኙነቱ ግን ደካማ መሆኑን አሳይቷል፤ ከወለል እስከ ወገብ የማንሳቱ ፈተና ብቻውን ይህን በመተንበይ ከሙሉው ምዘና ጋር ተቀራራቢ ነበር። ጉዳቱ እንደማይመለስ ግን ምዘናው አልተነበየም። ይህን ለሠልጣኝ ደፍሮ የሚነግር ኮርስ ይመረጣል፤ ከምዝገባ በፊት ደግሞ የተመዛኙ ማንነት የተሰረዘበት አንድ ናሙና ሪፖርት ይጠይቁ። ካልሰጡዎት ክፍያውን ያዘግዩ።