በሰበታ መንገድ የምትነዱ ሞተረኞች፣ «ኦሪጅናል ስፖኪዮ» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። አፌ ከመረረ ይቅር በሉኝ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ስትሄዱ መንገድ ዳር፣ በሩ ላይ ጎማና ሄልሜት ደርድሮ የሰቀለ የመለዋወጫ ሱቅ ስንት አለ? አይነቱን ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል፤ የሚሸጠው ልጁ ነው። የጠየቃችሁት ዕቃ ሁሉ «አለ» ነው። የያዛችሁት ሞተር ምንም ይሁን ምን «ልኩ ነው»። ዋጋ ስትጠይቁት መጀመሪያ ጫማችሁን ያያል፣ ከዚያ ነው ቁጥር የሚጠራው።

የኔ ያማሃ ድሮ የነበረው ስፖኪዮ ግማሹ ክርኔን ነው የሚያሳየኝ። ባለ አንድ ሲሊንደር ስለሆነ ፍጥነት ስጨምር ደግሞ መስታወቱ ይርገበገብና ከኋላዬ ያለው መኪና ይሁን ዛፍ አይለይም። በጅማ መንገድ የሚነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ ነው። ወደ ቡታጅራ የሚገነጠለው ጋ ደርሶ የኋላውን ሳያዩ መስመር መቀየር ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ስለዚህ ክንዱ ረዘም ያለ፣ መስታወቱ ሰፋ ያለ ስፖኪዮ ፈለግሁ። ቅንጦት አይደለም።

መርካቶ አትሄድም ነበር ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ከተከለከለ ወዲህ፣ ዳር ዳሩን የምንነዳ ሰዎች ሞተሩን ይዘን ሶማሌ ተራ ሄደን «እዚሁ ግጠሙልኝ» የምንልበት መንገድ የለም። እነሱም ይህን ያውቃሉ። «ሌላ የት ትሄዳለህ?» የሚለው ግንባራቸው ላይ ተጽፏል።

ልጁ ከመደርደሪያ አንድ ጥንድ አወረደ። የጃፓን ነው፣ ሰፊ ነው፣ በጭራሽ አይንቀጠቀጥም አለኝ። 2,400 ብር ብሎ 2,100 ላይ ቆመ። መስታወቱ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ተለጥፎበታል። ላጥ አድርጌ ልየው ስል እጄን ያዘኝ። «ከላጥከው ገዛኸው ማለት ነው፣ ብራዘር።» ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ማሽኑ ተበላሽቷል። ማሽኑ መቼም ተሠርቶ አያውቅም፤ ይህንንም ታውቃላችሁ።

ከዚያ ልጁ የ14 ቁልፍ ይዞ ወጣ። የግራው በእጅ ሰተት ብሎ ገባ። የቀኙ እምቢ አለ።

ያማሃ በብዙ ሞዴሎቹ የቀኙን ስፖኪዮ ፊሌቶ፣ ማለትም የብሎኑን ጥርስ፣ የሚሠራው በተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ምክንያት አለው። የቀኙ ስፖኪዮ ከፊት በኩል በሆነ ነገር ሲመታ ክንዱ ወደ ኋላ ይገፋል። ያ ግፊት እንዲያጠብቀውና እንዲሰብረው ሳይሆን እንዲያላላው ተብሎ ነው። የሞተር ዕቃ ሸጦ የሚያድር ሰው ይህን ካላወቀ ምን ሊያውቅ ነው? እኔ እንኳ አውቃለሁ። ነገርኩትም። «አሮጌውን ራሴ ነኝ የፈታሁት፤ ይሄ በግራ ነው የሚዞረው፣ ዕቃው ልኩ አይደለም» አልኩት።

ልጁ ወደ ባለቤቱ ዞሮ ሳቀ። «ሰውዬው ሜካኒክ ነኝ እያለ ነው።»

ባለቤቱ ከስልኩ ቀና አላለም። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ጠበቅ አድርገው።»

ልጁ ቁልፉን አስገብቶ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። መጀመሪያ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ከቀዳዳው አፍ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወጣ፤ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ። «ቁም!» አልኩት። ሰምቶኛል፣ አይኔን አይቶኛል። አንድ ዙር ጨመረ። ወዲያው ቁልፉ ቀለለው። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ምንም አይዝም። ፊሌቶው ተበላ።

ያ ቀዳዳ ደግሞ ብቻውን የሚቀየር ነገር አይደለም። ያለው የፊት ፍሬን መያዣው ላይ ነው። ሰው ስፖኪዮ ሊያስገጥም ሄዶ ፍሬን መያዣ አስበልቶ ይመለሳል?

«ድሮም የተበላ ነበር» አለ ባለቤቱ። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ፍቅፋቂው እኮ ገና ጫማዬ ላይ ነው። አሁን እዚሁ ፊቴ ነው የበላችሁት ስለው በመጨረሻ ስልኩን አስቀመጠና ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ወንድም፣ ሞተር ወደ ፊት ነው የሚነዳው። ኋላ ኋላውን ምን ልታይ ነው?» በር ላይ ሻይ የያዙት ጓደኞቹ ተንከተከቱ። ብሩስ ይቅር፤ ይቺ ንግግር ነች እስካሁን አንጀቴን የምታሳርረው።

ብሬን መልሱ አልኩ። ልጁ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሄልሜት ገለጥ አደረገልኝ። ከስሩ ካርቶን ተለጥፏል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም»። ማስታወቂያውን ሸፍነው ሸጠው፣ ሲጣሉ ገልጠው ያሳያሉ።

የሚገርመው፣ ከታች በግራ ፊሌቶ ገብታ ከላይ የተለመደውን የምትቀበል ትንሽ አዳፕተር አለች። ርካሽ ነች። ብትኖራቸው ነገሩ በሰላም ያልቅ ነበር። «የለንም» ማለትም ይቻል ነበር፤ አፍ አይቆርጥም።

የግራውስ? ቤት ደርሼ ላስቲኩን ላጥኩት። መስታወት አይደለም፤ የሚያብረቀርቅ ነገር የተቀባ ፕላስቲክ ነው። የመብራት ፖሉ እባብ መስሎ ታየኝ። ጎበጥ ያለ መስታወት ሰፋ አድርጎ ስለሚያሳይ መኪናውን ማሳነሱና ማራቁ ያለ ነው፤ ይለመዳል። ይሄኛው ግን መሐሉ ላይ የቀረበ መኪና ጠርዙ ላይ ይርቃል፤ በዚህ ስፖኪዮ ርቀትን መገመት የማይታሰብ ነው። «ሰፊ» የተባለውን በማስመሪያ ለካሁት፦ ክብ ሆኖ ከጫፍ ጫፍ 85 ሚሊ ሜትር። በአውሮፓ ደንብ ክብ የሞተር ስፖኪዮ ከ94 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። አለመንቀጥቀጡንም ሞከርኩት። ንዝረት እንዲቀንስ የመስታወቱ ጭንቅላት ከበድ ማለት አለበት፤ ይሄ ክብደት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከድሮው ብሶ ይርገበገባል።

ምክር ካላችሁኝ፦ ላስቲኩ ተልጦ፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ካላያችሁት አትክፈሉ። በጣት ዙሮ ያልገባ ስፖኪዮ ላይ ማንም ቁልፍ እንዳያሳርፍ። የስፖኪዮው ብሎን ውፍረት በብዙ ሞተሮች 10 ሚሊ፣ በብዙ ስኩተሮች 8 ሚሊ ነው፤ አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። ደረሰኝ ያዙ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ አስለውጡ ወይም ብራችሁን ተቀበሉ ይላል፤ ካርቶን አዋጅ አይሽርም። እኔ ያለ ደረሰኝ ስለሆንኩ ንግድ ቢሮ ሄጄ የሚሉኝን እሰማለሁ።

እስከዚያው የያማሃ የቀኝ ፍሬን መያዣ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ያገለገለም ቢሆን እወስዳለሁ፣ ፊሌቶው ደህና ይሁን እንጂ። የፊሌቶውን ፎቶ ቀረብ አድርጋችሁ አንሱልኝ፤ ዋጋውንም አብራችሁ ጻፉ።