አራተኛዋን አስቀድማችሁ ስሙ

ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ሙዚቃ በመጫን ነው የምተዳደረው። ድሮ ካሴት እቀዳ ነበር፤ ከዚያ ሲዲ መጣ፤ አሁን ቴሌግራሙም ቲክቶኩም እያለ የሚመጡልኝ ሹፌሮች፣ ባለ ካፌዎችና ዳታ የሚቆጥቡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ዘፈን ደሴ ውስጥ ተወደደ ወይስ ተጠላ የሚለውን ከዩቲዩብ ቁጥር ይልቅ ከእኔ ባንኮኒ ብትጠይቁ ይሻላል። «ጫንልኝ» የሚለኝም፣ «አጥፋልኝ» ብሎ የሚመለሰውም በእጄ ነው የሚያልፈው።

ይሄ የራፕ ኢፒ፣ ማለትም ከአልበም ያነሰ የዘፈን ስብስብ፣ ሁለቱንም አሳይቶኛል።

አምስት ዘፈን ነው፤ ተደምሮ አሥራ አራት ደቂቃ አይሞላም። የሠራው የሰፈራችን ልጅ ነው። ብቻውን ጻፈ፣ ብቻውን ቀዳ፣ በራሱ የቴሌግራም ቻናል በነፃ ለቀቀ። አሳታሚ የለ፣ ስፖንሰር የለ፤ ደስ ያለው ሰው በቴሌብር የሻይ ይልክለታል። ሽፋኑ ላይ የጦሳ ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ለብሶ ይታያል እንጂ ስም የሚባል ነገር የለበትም። «ስምህን የት አደረስከው?» ብለው «ጋሼ፣ ድምፄን ካወቁት ይበቃል» አለኝ። እኔም እንግዲህ አልጠራውም። ድምፁን መስማቱ ራሱ ግን ሥራ ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ነው። ዕቃ ላመጣ ጠዋት አባዱላ ተሳፈርኩ፤ ሹፌሩ ደንበኛዬ ስለሆነ ፍላሹን ሰጠሁትና ከፈተው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጆሮ ይደፈናል፣ ብርዱ ይለቃል፣ ኮት ይወልቃል። ጆሮው የተደፈነ ሰው ሙዚቃ ገምጋሚ ነኝ ሲል አስቡት! ችግሩ ግን እሱ አልነበረም። መኪናው ከኋላ ወንበር ሥር ትልቅ ባስ አስገጥሟል። ዘፈኑ ሲጀምር መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ፌስታል ውስጥ የያዙት ሲኒ ተንጫጫ። ድምምም... ድምምም... ከሥሩ የሆነ ሰው ያወራል፤ ምን እንደሚል ግን የሰማ የለም። ረዳቱ «ይሄ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ የቀዳው?» ሲል መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ አዛውንት «የኔ ልጅ፣ እስቲ መንዙማ ካለህ» አሉ። ሹፌሩ ቀየረው። ሐረጎን ሳንጨርስ ኢፒው አለቀለት።

ማታ ሱቅ ዘግቼ በኢርፎን ሰማሁት። ሌላ ሥራ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ድምፁን ያመጣጠነው በአንዲት ርካሽ ኢርፎን ነው። ቢቱ የቆመበት ባስ ደግሞ 808 የሚሉት ነው፤ ስሙ የመጣው የጃፓኑ ኩባንያ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ካወጣው የከበሮ ማሽን ነው። ከጆሮ ይልቅ ደረት የሚሰማው፣ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ርካሽ ኢርፎን ያንን በወጉ አያወጣውም። ልጁ «አነሰ» እያለ ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ፤ ለእሱ ጆሮ ልክ መጣ። ባስ ያለው መኪና ላይ ሲገባ ግን ያ ሁሉ የተጨመረው ወጥቶ ቃሉን ዋጠው። በስልክ ስፒከር ስትሰሙት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ባሱ ጭራሽ ይጠፋና ቢቱ ዕቃ የወጣለት ቤት ይመስላል። በመኪና የሰማው «ይጮኻል» አለ፤ በስልክ የሰማው «ይቀዘቅዛል» አለ። ግጥሙን የሰማ ሰው ሳይኖር ፍርዱ ተሰጠ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሦስት ሹፌር አጥፋልኝ ብሎኛል።

ግጥሙ ግን መሰማት ነበረበት። የመጀመሪያው ዘፈን ሂፕሆፕ ተወለደ ከሚባልበት ቀን ይነሳል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ዲጄ ኩል ኸርክ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ እህቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሸክላ ያጫወተበት ቀን ነው። ልጁ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሰዋል፦ ነሐሴ 5 ቀን 1965። በዚያ የረሃብ ክረምት ወሎ ምን ላይ እንደነበረች ለወሎ ሰው አይነገርም። እዚያ ሸክላው ሲዞር እዚህ አያቱ መንገድ ዳር እህል ይጠብቃሉ። አልጮኸበትም፣ አላለቀሰበትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አለፈ። እኔ አላምነው ብዬ ካላንደር አውጥቼ ቆጠርኩ። ልክ ነው።

ሁለተኛው ላይ ተናድጃለሁ። ክራሩ በአምባሰል ቅኝት ተቃኝቶ ነው የሚጀምረው፤ በጣም ያምራል። ከዚያ ልጁ አዜማለሁ ብሎ አውቶቲውን የሚሉትን ድምፅ አራሚ ማሽን ያስገባል። ድሮ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እመታ ስለነበር እዚህ ላይ ዝም አልልም። አምባሰል አምስት ድምፅ ነው። ከመነሻዋ ቀጥላ ያለችው ድምፅ ለመነሻዋ በጣም የቀረበች ናት፤ ግማሽ እርምጃ ብቻ። ሆድ የሚያባባው እሷ ላይ ነው። ልጁ ማሽኑን በፈረንጁ ሜጀር ስኬል ሞልቶ ትቶታል። ማሽኑ ደግሞ አምባሰል የት ያውቃል? ያችን ድምፅ በሰማት ቁጥር «ተሳስታለች» ብሎ ወይ ወደ ታች ይጎትታታል፣ ወይ ወደ ላይ ይገፋታል። ክራሩ አምባሰል ይላል፣ ዘፋኙ ሌላ አገር ነው። ማሪቱ ለገሰን እየሰማ ላደገ ጆሮ ይሄ እንጀራ ውስጥ የተገኘ አሸዋ ነው። የሚያናድደው መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ነው፦ አምስቱን ድምፅ መርጦ የቀሩትን ማጥፋት፣ በቃ።

ሦስተኛው ስለ መኪናና ስለ አንገት ሐብል ነው። ልጁ እስከ ትናንት ድረስ ከሆጤ በእግሩ ነው የሚመጣው። ዝለሉት።

አራተኛዋ!

ባሱ ወጥቷል። አንድ ክራር፣ በባቲ ቅኝት፣ ከሥሩ ጭብጨባ ብቻ። አውቶቲውን የለም። ታላቅ ወንድሙ በባቲ በኩል፣ በአፋር አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ የወጣ ልጅ ነው የሚናገረው። መንገዱን ወሎ ውስጥ የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። ግጥሙ ሮጦ ሮጦ መሐል ላይ ይቆምና እንዲህ ይላል፦

አምባሰሉን ተዉት፣ በባቲ ቃኙልኝ፤
ወንድሜ በዚያ ነው ወጥቶ የቀረብኝ።

መጀመሪያ ስሰማው ለክራር መቺው የነገረው መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ሲመጣ ነው የነቃሁት። መቃኘት ክራር ማስተካከልም ነው፣ ሰው ፍለጋ አገር ማሰስም ነው፤ ባቲም ቅኝት ናት፣ በርም ናት። ሃያ ምናምን ዓመት የሆነው ልጅ እንዲህ ዓይነት ሰምና ወርቅ ሠርቶ ምንም እንዳላደረገ ወደሚቀጥለው ስንኝ መሄዱ ነው የገረመኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አራት ጊዜ ይደግመው ነበር።

አንድ ቀን ይችኑ በዝቅታ ከፍቼ እየሠራሁ አንዲት እናት መንዙማ ሊያስጭኑ መጡ። ቆሙና ሰሙ። «ይችን ድገማትማ» አሉኝ። ደገምኩት። ራፕ ይሁን ምን ይሁን አልጠየቁም። ሲጨርስ ሻሻቸውን አስተካከሉና «ከመንዙማው መጨረሻ ላይ አድርጋት፤ ስፈልግ እንዳልቸገር» አሉኝ። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ወዲህ «የባቲዋን» እያሉ የሚመጡ አሉ፤ ኢፒ ምን እንደሆነ የማያውቁ፣ ሌሎቹን አራቱን ጭነህ ስጠኝ ያላሉ።

አምስተኛው የእናቱን ቡና ወቀጣ ቀድቶ ሙቀጫና ዘነዘናውን ከበሮ ያደረገበት ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን አንድ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ያልቃል። አቦሉን አቅርቦ ረከቦት ማንሳት!

ለኢፒው ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቼው ነበር፤ አንዱ ሙሉ ለአራተኛዋ ብቻ ነው። ለልጁም የባሱን ነገር፣ የአምባሰሉን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። አኮረፈ። «ጋሼ፣ እናንተ ጆሮአችሁ ካሴት ለምዶ ነው» ብሎኝ ሄደ። ሁለት ሳምንት ጠፋ።

ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። አንደኛውንና ሁለተኛውን እንደገና አመጣጥኗቸዋል። እኔ ጋ አልሰማንም፤ መናኸሪያው ውስጥ ተራ የሚጠብቀው የዚያ ሹፌር መኪና ድረስ ይዤው ሄድኩ። በፍላሽ ሰካነው። ባሱ አለ፣ ግን አደብ ገዝቷል፤ ነሐሴ 5 ሲል ጥርት ብሎ ይሰማል። የአምባሰሉ ላይ አውቶቲውኑን ጭራሽ አውጥቶታል፤ ድምፁ ትንሽ ይሻክራል፣ ግን አገሩ ገብቷል። ረዳቱ ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ከጉድጓዱ ወጣ?» አለ። ልጁም ሳቀ። ሦስተኛውን ሹፌሩ ራሱ ዘለለው።

አዲሱ ቅጂ ቻናሉ ላይ ተለቋል፤ አሮጌውን ያወረዳችሁ አጥፉት፣ ወይም ፍላሽ ይዛችሁ ብቅ በሉ። አራተኛዋን አልነካትም፤ እንዳይነካትም አስጠንቅቄዋለሁ።

የእኔን ፍላሽ ግን ሹፌሩ እስካሁን አልመለሰልኝም።