ቅዳሜን በብሔራዊ ሙዚየም፣ ከደብረ ብርሃን ለመጣችሁ ጥንዶች

የእኛ ዴት እስከዛሬ ኬክ ቤት ነበር። እሱ ማኪያቶ፣ እኔ ሻይ፣ ከዚያ ሁለታችንም ስልካችን ላይ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ከመሸ በኋላ ውጭ አያስቆምም፤ በጊዜ ቤታችን እንከተታለን። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልጃችንን እናቴ ዘንድ አድርገን አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። ሥዕል ልናይ። ለባለቤቴ ስነግረው «ለሥዕል 130 ኪሎ ሜትር?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከሁሉ በፊት፣ ማታ አይሆንም። ሙዚየም የቀን ነገር ነው፤ እራት ምናምን ያሰባችሁ በምሳ ቀይሩት። እኛ በጠዋት ወጥተን ላምበረት ወረድን፣ በመገናኛ አድርገን 4 ኪሎ፣ ከዚያ ወደ 6 ኪሎ የሚወስደውን መንገድ በእግር ተያያዝነው። ዴት ነው ብዬ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ ነበር። እባካችሁ እንዳታደርጉት።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ድንቅነሽ ነው። እኛም ምድር ቤት ወርደን አየናት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ እና እንዴት ትንሽ ናት! ችግሩ ባሌ አንድም ጽሑፍ አይዘልም። ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ ሲጨርስ ደግሞ ወደ አጥንቱ ይመለሳል። እኔ ዓይቼ ማለፍ ነው የምወደው። ሦስት ጊዜ ተመልሼ ጠራሁት፤ በሹክሹክታ ተጣላን ማለት ይቻላል። ሁለታችሁ አንድ ዓይነት አረማመድ ከሌላችሁ እንደኛ አድርጉ፦ ተለያዩ፣ ከዚያ እያንዳንዳችሁ ለሌላው የምታሳዩትን አንድ ነገር መርጣችሁ ተገናኙ።

ሥዕሎቹ ያሉት ላይ ነው፣ እና ቀኑን ያዳነልን እዚያ ነው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ «የአፍሪካ ቅርስ» የተባለው ሥዕል ግዙፍ ስለሆነ ቀርባችሁ ብቻ አትዩት፣ ወደኋላ ራቅ በሉ። ባሌ የመረጠልኝ እሱን ነው። ለምን መሰላችሁ? ሰዓሊው በ1925 ዓ.ም. የተወለደው አንኮበር ነው፤ ባሌም የአንኮበር ልጅ ነው። የገዛ ወንድሙ የሣለው ይመስል ደረቱን ነፍቶ ቆመ! «የማዕድን ምህንድስና እንዲማር በ15 ዓመቱ እንግሊዝ ላኩት፣ እሱ ሥዕል ተምሮ መጣ» አለኝ። እኔም ዝም አላልኩም። «ያንተ ልጅ ሳሎን ግድግዳ ላይ በከሰል ሲሥል ግን ትቆጣለህ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ስለ ልጃችን አወራን፤ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያው ሳይሆን ስለ እሱ፣ ስለሚወደው ነገር። እንዲህ ካወራን ስንት ጊዜያችን! ኬክ ቤት ተቀምጠን ይሄ ጨዋታ መጥቶ አያውቅም፤ ለካ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ አንድ ነገር ሲያይ አፉ ይፈታል።

ምሳው ላይ ግን ተበሳጨሁ። ስሙን የማልጠራው ምግብ ቤት አንድ ጥብስ ለማምጣት ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፣ የመጣው ደግሞ ቀዝቅዞ። ሙዚየሙ ብዙ ሰዓት ስለሚያስቆም ወደዚያ ከመግባታችሁ በፊት ብሉ።

ሙሉውን ሕንፃ በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ። እኛ ዙፋኑንና ዘውዶቹን በሩጫ ነው ያለፍናቸው፣ አልቆጨንም። በሚቀጥለው የሰዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሙዚየም እናያለን፣ እሱም 6 ኪሎ አካባቢ ነው። ከዚያ ደግሞ አፍሪካ አዳራሽ፤ የአፈወርቅ የመስታወት ሥዕል፣ ያ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው፣ እዚያ ስላለ ባሌ ከአሁኑ እየነዘነዘኝ ነው።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። አንዱን የወሰደው ጫማዬ ነው።