ከባሕር ዳር ዋሽንግተን፦ በኪሎ ሜትር ወይስ በሰዓት?

በኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ከባሕር ዳር ቦሌ በቀጥታ መስመር 330 ገደማ ነው፤ ከቦሌ ዋሽንግተን ደግሞ ከ11,500 በላይ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ከለካችሁት ግን ትሳሳታላችሁ። ምድር ክብ ናትና አጭሩ መንገድ የሚገኘው ሉል ላይ ክር ወጥሮ ነው።

እኔ ሰዓቱን እመርጣለሁ። ርቀቱ ያው ሆኖ ሳለ መሄጃው ከመመለሻው ይረዝማል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ሲሄዱ ይገታል፣ ሲመለሱ ይገፋል። ብቻ ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ዝም ብላችሁ አትቀንሱ፤ የሚጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። (ጣና ዳር ተቀምጠን ይህን ለአክስቴ ሳስረዳ አቦልም ቶናም አልበቃኝ፤ በረካው ላይ ነው የገባት።) ቦሌ ላይ የምትጠብቁትንም ደምሩበት።